ቀለህ ያላመጣ ጥይት አይወስድም

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ሻይ የምጠጣበት ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ አንዲት አርባ ዓመት ያለፋት የምትመስል ሴት መጥታ ፊቴ ቆመች። አንገቷ ላይ የሥራ መታወቂያ አንጠልጥላለች፤ ጫማዋ የትየርኪዲን የስደተኞች ጣቢያ መንገድ አቧራ ለብሷል። «ይቅርታ ጋሼ፣ ቀለህ የሚሉት ሰው እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። በዚህ ስም ሰው ከጠራኝ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ሰፈሩ የሚያውቀኝ ጋሽ ጌታሁን ብሎ ነው፤ ጡረተኛው፣ ስኳር በሽተኛው፣ ከሁሉም ጋር የሚጣላው ጌታሁን። «ማን ነገረሽ?» አልኳት ቆጣ ብዬ። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከቦርሳዋ የተጠቀለለ ጨርቅ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ሦስት ባዶ የጥይት ቀለሆች ነበሩ፤ ነሐሳቸው አረንጓዴ ሆኗል። «እናቴ ባለፈው ወር ዐረፈች፤ ከሣጥኗ ሥር ያገኘሁት ይህን ነው። ጥይት የሚያውቅ ሰው ሳፈላልግ ወደ እርስዎ ላኩኝ። ምንድን ናቸው?»

መነጽር አላስፈለገኝም፤ ጣቴ ይበቃኛል። አንደኛዋ ወፍራም ናት፣ አፏ ሰፊ፣ ቂጧ ላይ ደግሞ እንደ ከንፈር ወጣ ያለ ጠርዝ አላት። ይቺ ውጅግራ ናት፣ አያቶቻችን አንዷን ተኩሰው ሌላዋን እስኪያጎርሱ የሚያልባቸው የዚያ የድሮ ጠመንጃ። ሁለተኛዋ ቀጠን ትላለች፣ እሷም ባለ ከንፈር ናት፤ ምንሽር። ሦስተኛዋ ከንፈር የላትም፤ በከንፈሯ ፈንታ ቂጧን ዞሮ የተሰረሰረ መስመር አላት፤ ቤልጅግ። አንድ በአንድ እያነሳሁ ነገርኳት። «ለምን ያገለግላሉ?» አለች። «ባዶ ናቸው፣ ለምንም አያገለግሉም» አልኳት። ውሸቴን ነበር። ሦስቱንም ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ ከየት እንደወጡ፣ በማን እጅ እንደወጡ አውቃለሁ። የማን ልጅ እንደሆነችም ገብቶኛል። ግንባሯ የአባቷ ነው።

ይህን ጊዜ ከጎናችን የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ፣ ወሬያችንን ሲሰማ ቆይቶ ኖሮ፣ ጣልቃ ገባ። «በደርግ ጊዜ እኮ ቀለህ እንኳ ሳይቀር ይመለስ ነበር አሉ። ያኔ ሥርዓት ነበር ጋሼ! ዛሬ ጥይት እንደ ማስቲካ ነው የሚሸጠው።» ደሜ ፈላ። ይህ ልጅ ያኔ አልተወለደም። ሥርዓት ይለኛል! ያንን ሥርዓት በር ላይ ቆሜ ያስከበርኩት እኔ ነኝ፤ በቀይ ቀለም ጽፌ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። «አንተ ሻይህን ጠጣ» አልኩት። ሳቀ። ሽማግሌ ሲቆጣ ያስቃቸዋል።

ከጎሬ ወደ ጋምቤላ የወረድኩት በእህል መኪና ጭነት ላይ ተቀምጬ ነው። ከቤት ስወጣ እናቴ የሠራችልኝን የሱፍ ሹራብ ለብሼ ነበር፤ ቁልቁለቱ ሳያልቅ አውልቄ ወገቤ ላይ አሰርኩት፣ ባሮ ድልድይ ስንደርስ መጣል አማረኝ። ያኔ ከተማዋ ትንሽ ናት። በወንዙ ዳር የማንጎ ዛፎች ተደርድረዋል፤ ማንጎ የሚገዛ እንግዳ ብቻ ነበር፣ ሌላው ከመሬት ያነሳል። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ የሰው ክንድ የሚያህል ዓሣ በሁለት ብር። እግራችን ላይ ኮንጎ ጫማ፣ ያ የፕላስቲክ ጫማ፣ ከቀትር በኋላ ውስጡ በላብ ይንቦጫቦጫል። የመንግሥት ሠራተኛ መሆኔ እንዲታወቅ ግን ቴትሮን ሱሪዬን በየቀኑ ፍራሽ ሥር አስተኝቼ እተኩሰዋለሁ። ጠዋት ጠዋት የቀበሌው ድምፅ ማጉያ የሰልፍ መዝሙር ይለቅብናል፤ ማታ ማታ ደግሞ አደባባዩ ጥግ ያለው ልብስ ሰፊ ካሴት እየከፈተ የፍቅር ዘፈን ያሰማናል፣ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ድምፁ እየጎተተ ይሄዳል። እኛም አብረን እየጎተትን እንዘፍናለን። ይህን ሳስታውስ ደስ ይለኛል፤ ደስ ስላለኝም እናደዳለሁ፤ ያን ዘመን በምንም ነገሩ ልወደው አይገባኝም ነበርና።

የተመደብኩት በሚሊሺያው መጋዘን ንብረት ጠባቂነት ነው። መጋዘኑ በድሮ ነጋዴዎች የተሠራ ባለ አንድ ክፍል የድንጋይ ቤት ነበር፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ብረት። ጥይት የሚወስዱት ሦስት ዓይነት ሰዎች ነበሩ፤ የቀበሌ ጥበቃዎች፣ ከደጋ የመጡት ሠፋሪዎች ያቆሟቸው የማሳ ጠባቂዎች፣ እንዲሁም አንድ የወንዝ ጠባቂ። አለቃዬ አራት ኪስ ያለው ካኪ ኮት የሚለብስ፣ በዚያ ሙቀት የአንገቱን ቁልፍ የማይፈታ ሰው ነበር። ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ ጠራኝና እንዲህ አለኝ፤ «ጓድ ጌታሁን፣ ጥይት እየወጣ ለጠላት ይሸጣል። ከዛሬ ጀምሮ የተኮሰ ሰው ባዶውን ቀለህ አምጥቶ ካላስረከበ ምትክ ጥይት አይሰጠውም። ቀለሁ ተሰብስቦ አዲስ አበባ ፋብሪካ ይሄዳል፣ ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ ይመለሳል። እያንዳንዷ ቀለህ ለእናት አገር ጥይት ናት!» ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሳንቃ ፈልጌ፣ ቀይ ቀለም ለምኜ፣ በሩ ላይ ጽፌ ሰቀልኩ፤ «ቀለህ ያላመጣ ጥይት አይወስድም»። በወሩ የከተማው ሰው ስሜን ረስቶ ቀለህ አለኝ።

ሥራዬን እወደው ነበር፤ አልዋሽም። ጥይት በጣቴ ለመለየት ሁለት ወር አልፈጀብኝም። የክላሽ ጥይት አጭርና ወገበ ሰፊ ናት፤ ቀለሟ እንደ ጭቃ፣ ቀለህዋ ከብረት ስለሚሠራ ማግኔት ይስባታል፣ እዚህ አገር እርጥበት ውስጥ ደግሞ ቶሎ ትዝጋለች። ለቅርብ ነገር ናት፣ ለጥበቃ። ቤልጅግ ረዘም ትላለች፤ አምስት አምስት ሆና በቆርቆሮ መያዣ ትመጣለች፤ ሩቅ ማሳ ዳር የተቀመጠ ዝንጀሮ ከነመንጋው ለቅቆ እንዲሮጥ የምታደርግ እሷ ናት። የኤም ዋን፣ የአሜሪካኑ ጠመንጃ፣ ጥይት ከሁሉም ትረዝማለች፣ የሰው የመሐል ጣት ታህላለች፤ ስምንት ሆና ትጎረሳለች፤ ጉማሬንም ትጥላለች። የማካሮቭ ሽጉጥ ጥይት አጭር፣ ድቡልቡል፣ የባለሥልጣን ወገብ ላይ የምትኖር ናት፤ ለስብሰባ ካልሆነ ለምን እንደምታገለግል እስከዛሬ አልገባኝም። አንድ ሚሲዮናዊ ትቶት የሄደ ሃያ ሁለት የሚባል ጠመንጃም ነበር፤ ጥይቷ የባቄላ ፍሬ ታህላለች፣ ሌሎቹ ጥይቶች ቂጣቸው መሐል ላይ ካልተመቱ አይተኩሱም፣ እሷ ግን ጠርዟን ከነኳት ይበቃታል። ለጅግራ ነበረች። በአዞ ላይ ብትተኩሳት አዞው ዝንብ ያረፈበት ይመስለዋል።

ሕዝቡ ግን ቀለህን ከእኛ በፊት ያውቀው ነበር። ሴቶች ኩል ያስቀምጡበታል፤ ሽማግሌዎች የትምባሆ ጋያቸውን ጫፍ በእሱ ያስረዝማሉ፤ ሱረት ይይዙበታል። ያ ሰሌዳ ከተሰቀለ በኋላ ግን ከተማው ሁሉ ቀለህ አዳኝ ሆነ። ባል የሚስቱን ኩል አራግፎ ይዞልኝ ይመጣል፤ ውስጡ ገና ጥቁር ነው። «ይህን ተኩሰኸው ነው?» እለዋለሁ። «አዎ ጓድ።» «ዝንጀሮውን ኩል ኳልከው?» ሰልፉ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፣ ጥይቷን እሰጠዋለሁ፣ «ፈርም» እለዋለሁ። ማታለሉን እያወቅሁ የማልፈው አንድ ነገር ስላልተጣሰ ነው፤ ዓይነቱ መግጠም አለበት። ለክላሽ የክላሽ፣ ለቤልጅግ የቤልጅግ ቀለህ። ይህችን ደንብ ማንም አላዘዘኝም፤ ከራሴ አምጥቼ የጨመርኳት እኔ ነኝ። ፋብሪካው እንዳይቸገር ብዬ!

ለራሴም አንድ ቀለህ ነበረችኝ። የኤም ዋን ናት፤ መጋዘኑን ስረከብ ወለሉ ላይ ወድቃ ያገኘኋት፣ የማንም ያልሆነች። አንጥረኛ ዘንድ ወስጄ በአንድ ብር ከሃምሳ ቂጧ ላይ ቀለበት አስበየድኩላት፤ ከመጋዘኑ ቁልፍ ጋር አንጠለጠልኳት። አፏን ከንፈሬ ላይ ጠጋ አድርጌ ስነፋባት ታፏጫለች፤ የመጋዘኑን ዘበኛ ከወንዙ ማዶ የምጠራው በእሷ ነበር። በአመድ እወለውላት ስለነበር ታበራለች። ከተማው ሁሉ ያውቃታል።

የወንዙ ጠባቂ ኦጉላ ይባል ነበር፤ አኝዋክ ነው፣ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። ሥራው ሴቶች ውኃ የሚቀዱበት መውረጃ ላይ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ጠመንጃ ይዞ መቀመጥ ነው፤ አዞ ብቅ ሲል መተኮስ። ያ መውረጃ ከእሱ በፊት ስንት ሰው እንደበላ የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው። እሱ ከተቀመጠ በኋላ ማንም አልተወሰደም። እዚያ ቦታ ሰው እንዲታጠብ አይፈቅድም፤ አንዴ እኔኑ፣ የመንግሥት ሠራተኛውን፣ ሱሪዬን ወደ ላይ ጠቅልዬ እግሬን ልታጠብ ስገባ በክንዴ ይዞ አወጣኝ። «እግር ለአንተ ሁለት ነው» አለኝ፤ «አዞ ግን አንድ ይበቃዋል።» ሚስቱ አሪየት ከሴቶቹ ጋር እንስራዋን ተሸክማ ስትመጣ፣ ሕፃኗን አዝላ፣ አያናግራትም፤ ሥራ ላይ ነዋ። ዓይኑን ከውኃው አያነሳም።

ሲመጣ ቤልጅግ ነበረችው። ለደንባችን የቤልጅግን ያህል የሚመች የለም፤ ተኩሰህ መዘውሩን ራስህ በእጅህ ወደ ኋላ ትስባለህ፣ ቀስ ብለህ ከሳብከው ቀለሁ መዳፍህ ላይ ይወድቃል። ኦጉላ አንድ ቀለህ ጎድሎበት አያውቅም፤ በቅጠል ጠቅልሎ ነበር የሚያመጣልኝ። ከዕለታት አንድ ቀን ከመቱ ከተማ የአለቃዬ እንግዳ መጣና ለአደን ቤልጅጓን ወደዳት። አለቃዬ ሰጠው። ለኦጉላ በምትኳ ኤም ዋን ከአምስት ጥይት ጋር ወጣለት። ኤም ዋን ጥሩ ጠመንጃ ነው፤ አዞን ለመግደል ከቤልጅግም ይሻላል። ግን ራሱ አጉራሽ ነው፤ ተኩሰህ ዓይንህን ሳትከፍት ቀለሁን ወደ ቀኝ አሽቀንጥሮ ይወረውረዋል። ኦጉላ ደግሞ የሚቀመጥበት ድንጋይ ላይ ወንዙ በቀኙ ነው። በግራ ትከሻው ልተኩስ ብሎ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ድንጋዩን ልቀይር ቢል ከሌላ ቦታ መውረጃው አይታይም። አንድ ተኮሰ፣ ወንዝ ገባ። ሁለት ተኮሰ፣ ወንዝ ገባ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። መጥቶ ነግሮኛል፤ «በቤልጅግ ይቀየርልኝ በልልኝ» ብሎኛል። ለአለቃዬ ስነግረው «አዞም ቢሆን አብዮቱን ይጠብቅ» ብሎ ቀለደብኝ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

የመጨረሻዋን ጥይት የተኮሰ ቀን አንዲት ሴት ከአዞ አፍ ተርፋለች። እንስራዋ ተሰብሮ፣ ቀሚሷ ተቀዶ፣ እየጮኸች ወደ ከተማ ስትሮጥ አይቻታለሁ። አዞው ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ኦጉላ ከእሷ ኋላ እየተራመደ ወደ መጋዘኑ መጣ። ጠመንጃው ባዶ ነው።

«ጥይት ስጠኝ ጌታሁን።»

«ቀለህስ?»

«ቀለህ ወንዝ ገባ። አምስቱም ወንዝ ገባ።»

«ደንቡን ታውቃለህ ኦጉላ።»

«እኔ ደንብ አውቃለሁ። አዞ አያውቅም። ቆስሏል፣ ተናዷል። ነገ ሴቶች ይመጣሉ።»

«ነገ ለአለቃው አመለክታለሁ። እስከዚያ ቀለህ ያላመጣ አይወስድም፤ ሰሌዳው እዚያ አለ፣ አንብበው» አልኩት። ማንበብ እንደማይችል እያወቅሁ። ሰሌዳውን አላየም፤ ዓይኑ ቁልፌ ላይ ቆየ። ከዚያ ዞሮ ሄደ። ከኋላዬ አንድ ሙሉ ሣጥን የኤም ዋን ጥይት ነበር። ሣጥኑ ላይ እግሬን አሳርፌ ነበር ያናገርኩት፤ ይህንን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጩኸት ሰማን። ከአለቃዬ ጋር ወደ መውረጃው ወረድን። በጋ ነበር፣ ባሮ ጎድሎ ከወገብ አያልፍም። ሴቶቹ እንደነገሩን፣ ኦጉላ ጎህ ሲቀድ መጥቶ፣ ሴቶቹን «ዛሬ አትግቡ» ብሎ ከልክሎ፣ ባዶውን ጠመንጃ ድንጋዩ ላይ አስደግፎ፣ ራሱ ውኃው ውስጥ ገብቶ ነበር። በእግሩ ጣቶች አሸዋውን እየዳሰሰ ቀለህ ይፈልግ ነበር። ሴቶቹ ዳር ቆመው ያዩታል። አንድ ሲያገኝ ጎንበስ ብሎ ያነሳል፣ ያየዋል፣ ዳር ወጥቶ ሸሚዙ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ተመልሶ ይገባል። ሦስተኛውን ካስቀመጠ በኋላ ሲገባ አልወጣም። ያ ወንዝ የስንት ዘመን ተኩስ የተተኮሰበት ነው፣ የስንቱን ዘመን ቀለህ በሆዱ ይዟል፤ ለኦጉላ ያወጣለት አንድ ውጅግራ፣ አንድ ምንሽር፣ አንድ ቤልጅግ ነው። የኤም ዋን አላገኘም። እንደማይገጥሙ ያውቃል፤ ለዓመታት ከእኔ ጋር ሠርቷል። ሦስት ለአንድ ይቀበለኛል ብሎ ይሆናል ያስቀመጣቸው። ያን ሸሚዝ፣ ኪሱ ላይ የተጣፈውን፣ እነዚያን ሦስት ቀለሆች በተርታ ቆመው፣ አሁንም ዓይኔን ስጨፍን አያቸዋለሁ።

አለቃዬ መጀመሪያ ያነሳው ጠመንጃውን ነው። ቀጥሎ «ቀለሆቹን ተረከብ» አለኝ። አሪየት ሕፃኗን እንዳዘለች ሸሚዙ አጠገብ ተቀምጣለች፤ አታለቅስም። ሦስቱን ጨብጣለች። እኔም ታዝዤ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ እጄን ዘረጋሁ! አዎ፣ ባሏ ውኃ ውስጥ ሳለ ባዶ ቀለህ እንድታስረክበኝ እጄን ዘረጋሁላት። ቀና ብላ አየችኝ። ጡጫዋን አልፈታችም። እጄን ሰበሰብኩ። «የሉም ብለህ ጻፍ» አለኝ አለቃዬ እየሰለቸው። ቢሮ ስንገባ ደግሞ ሪፖርቱን እሱ እየነገረኝ እኔ ጻፍኩ፤ «የወንዝ ጠባቂው በራሱ ግድየለሽነት ሲታጠብ በአዞ ተወስዷል።» ሲታጠብ! ሰው እግሩን እንኳ እንዳይታጠብ የከለከለው ሰው! ጽሕፈቴ ያምር ነበር፤ እነሆ ባማረ ጽሕፈት ጻፍኩት።

ክረምት ገባ። የጋምቤላን ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጥቁር ነው፣ ጎማ ከያዘ አይለቅም። አንድ ቀን የአለቃዬ ጂፕ መጋዘኑ በር ላይ ተቀረቀረ። ድንጋይ አምጡ ተባለ፣ በዚያ ጭቃ መሐል ድንጋይ ከየት ይመጣል? አለቃዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ጌታሁን፣ እነዚያን ቀለሆች አፍስሱበት» አለ። ጆሮዬን አላመንኩም። «የትኞቹን ጓድ?» «እነዚያ ጆንያ ሙሉ የተቀመጡትን። ምን ታያለህ፣ አንሣ!» «ፋብሪካ የሚሄዱት?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ሞኝ ነኝ። ሳቀ። «የትኛው ፋብሪካ?» አለ። እኔና ዘበኛው ዘጠኝ ጆንያ ተሸክመን አወጣን። በእጄ ዘረገፍኩት፤ የክላሽ፣ የቤልጅግ፣ ኩል የነካው፣ ኦጉላ በቅጠል ጠቅልሎ ያመጣቸው ሁሉ። ከመሐላቸው የኤም ዋንም ነበሩ፤ ሌሎች ጥበቃዎች ያስረከቧቸው፣ በዓይኔ አየኋቸው፣ አንድም ሳይሆን ብዙ። ጎማው ዞረ፣ ነሐሱ ተንኳኳ፣ ጂፑ ወጣ። አለቃዬ እጁን አውለብልቦልን ሄደ።

ያን ጊዜ ሥራዬን ጥዬ ሄድኩ ብል ደስ ባለኝ። አልሄድኩም። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ በዚያው በር ላይ «ቀለህስ?»፣ «ፈርም» ስል ኖርኩ። አለቃዬ በሽሽቱ ሰሞን የት እንደገባ አላውቅም፤ የትም ይግባ። ያ መጋዘን ዛሬ ፈርሶ ቦታው ላይ ሱቅ ተሠርቷል፤ ዝናብ ሲመታው ከመሬቱ ውስጥ አሁንም ቀለህ ብቅ ይላል፣ ልጆች ይለቅሙታል። እኔ ሳይ መንገዴን እቀይራለሁ።

ይህን ሁሉ ለአቻላ ነገርኳት፤ የኦጉላ ልጅ ስሟ አቻላ ነው፣ ያኔ እናቷ ጀርባ ላይ የነበረችው። ሻይዬ ቀዘቀዘ። ያ «ሥርዓት ነበር» ያለው ጎረምሳ ስልኩን እያየ ይሰማል፣ ግን አንዴም ቀና አላለም። ስጨርስ አቻላ ቀስ ብላ «እናቴ ሲታጠብ ሞተ የሚለውን ወረቀት ባነበቡላት ቁጥር ትስቅ ነበር» አለችኝ። «ክፉ ሳቅ ነው። ለምን እንደምትስቅ አይገባኝም ነበር።» ከዚያ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ባለው የቤቴ ቁልፍ ላይ አረፈ። ቀለህዋ አሁንም እዚያ ናት። መጋዘኑ ቢፈርስም እሷን ከቁልፍ ወደ ቁልፍ ሳዘዋውር ኖሬአለሁ፤ መወልወሉን ግን ከተውኩ ቆይቻለሁ።

«ይቺስ ምንድን ናት?» አለችኝ።

«የኤም ዋን ናት።»

«የአባቴ ጠመንጃ?»

«የእሱ ዓይነት ጠመንጃ።»

«ያን ቀን የት ነበረች?»

«ቁልፌ ላይ።»

«አባቴ አይቷታል?» ስትለኝ እርስዎ ማለቱን ትታለች፤ «አንተ፣ ንገረኝ፣ አይቷታል?»

ለአርባ ዓመት ያህል ለሰው ያልነገርኩት፣ አሁን እዚህ ላይ ስተርክ እንኳ ዘልዬው ያለፍኩት ነገር ይህ ነው። ኦጉላ ቁልፌን አይቶ ዝም ብሎ አልሄደም። «ይቺን አበድረኝ» ብሎኛል። «ይቺን በወንዙ ቀለህ ፈንታ ውሰዳትና አንዲት ጥይት ስጠኝ፤ ለአንተ ሌላ አመጣልሃለሁ።» አንጥረኛው፣ አንድ ብር ከሃምሳው፣ የምወለውልበት አመድ ትዝ አለኝ። «ይቺማ ፊሽካዬ ናት» አልኩት። በቃ፣ ያልኩት ይህን ነው። ደንቡ እንኳ አልነበረም፤ ፊሽካዬን ወድጃት ነበር።

ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝ በወደድኩ። ቁልፉን ስባ ጭኗ ላይ አደረገችው። ቀለበቱ ዝጎ ስለጠነከረ በጥፍሯ ብዙ ታገለችው፤ አላገዝኳትም። ቀለህዋን አውጥታ ከሦስቱ ጎን ጨርቁ ላይ አስቀመጠች፣ ጠቀለለች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የቤቴን ቁልፍ ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ። ተነስታ መንገዱን ተሻገረች።

ፈርሚ አላልኳትም።